ከጥለት ወደ ብርሃን፦ የሚሰፉ ባለቀለም መብራቶች አጭር ታሪክ

ጁባ ውስጥ በእጅ የተጠለፈ ሚላያ ሳታዩ አልቀራችሁም። እኛም አገር ሸማኔው ጥለት ሲያወጣ የሚያብረቀርቅ ክር ያስገባል። ታዲያ ያ ክር ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍስ?

አሜሪካዊቷ ሊያ ቢክሊ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ጨርቅ ላይ የሚሰፋ ትንሽ ኮምፒዩተር ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2007 «ሊሊፓድ አርዱዊኖ» ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ችግሩ ቀለሙ ላይ ነበር። አንድ መብራት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እንዲቀላቅል ሦስት የትእዛዝ መስመር ይፈልጋል። አሥር መብራት ለየብቻ ይታዘዝ ካልን 30 መስመር ልንሰፋ ነው! ክሩ ደግሞ ልባስ የለውም፤ ሁለቱ ከተነካኩ አለቀ።

መፍትሔው በየመብራቱ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ማስገባት ሆነ። አዳፍሩት የተባለው ድርጅት በ2012 ያወጣው «ፍሎራ» በዚህ መንገድ ይሠራል። አሁን የሚበቃው ሦስት ክር ነው፦ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭና ትእዛዝ። የመጀመሪያው መብራት የራሱን ትእዛዝ ይወስድና የቀረውን ለቀጣዩ ያሳልፋል። እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ይለካል፤ ቀይ 255፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 0 ስንለው ቢጫ ይወጣል።

እኛ ስንሞክረው ሁለቱ በሩ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ጨለመ። ፕሮግራሙን ደጋግመን አየነው፤ ምንም የለበትም። ጥፋቱን ያገኘችው ጥልፍ የምታውቅ ተማሪያችን ናት፤ የትእዛዙ ክር ቋጠሮ ከጀርባ ላልቶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ «ስፌት የሴት፣ ኮምፒዩተር የወንድ» የሚል ሰው ክፍላችን ውስጥ የለም።