ካርዳችሁ ላይ ያለው ኮድ ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ ሳንባህ ላይ ጠባሳ አለ ተባልኩ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር ምንድን ነው?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ። ዋና ዓላማው ሟቾችን መቁጠር ነበር። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝሩን ተረክቦ የታመሙትንም አካተተ።

በ1990 የጸደቀው አሥረኛው እትም ለሳንባ ጠባሳ አንድ ኮድ ብቻ አልሰጠም፤ ምክንያቱን ይጠይቃል። መነሻው ያልታወቀው ጄ84.1 ውስጥ ይገባል። የድንጋይ (የሲሊካ) ብናኝ ያመጣው ጄ62 ነው። የሻገተ ባጋስ፣ ማለትም ከአገዳ ጭማቂው ሲወጣ የሚቀረው ገለባ፣ እንኳ የራሱ ኮድ አለው፦ ጄ67.1። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከ1954 ጀምሮ ከአዳማ አጠገብ ነውና፣ እኔ ይህቺን ኮድ ሳያት ሁሌም ጎረቤት ትመስለኛለች።

እኛ ጋ በጣም የምታሳስበኝ ግን ቢ90 ናት፦ የዳነ ቲቢ ትቶት የሄደው ጉዳት። በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የሳንባ ቲቢ ኤ15 ነው። ሁለቱን ማምታታት የወረቀት ስህተት ብቻ አይደለም፤ ቲቢ የሌለበት ሰው የወራት መድኃኒት እንደገና ሊውጥ ይችላል። ኤክስሬይ ብቻውን የድሮውን ጠባሳ ከአዲሱ በሽታ ሁልጊዜ አይለይም። ጂንኤክስፐርትም ቢሆን የሞተ ባክቴሪያ ሊያገኝ ይችላል።

ስለዚህ ስትመጡ ቲቢ መቼ እንደታከማችሁ፣ የት እንደሠራችሁና ምን ብናኝ እንደተነፈሳችሁ ንገሩን። የድሮውን ኤክስሬይም ይዛችሁ ኑ።