ደጅ የቆመው ተማሪ

ውሻው ይጮኻል። ከአጥሩ ውጭ ደበሎ የለበሰ ልጅ፣ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል ድምፁን እየሳበ። እናት ከምጣዱ ቀና ሳትል ትንሿን ልጇን ትጠራለች፦ «ተማሪው ቆሟል፣ ቶሎ በይ! በሁለት እጅሽ ስጪው።» ልጅቷ ትኩስ እንጀራ ይዛ ትወጣለች። ፊደል ሳትቆጥር ግዕዝ ሰማች። ቃሉ «ስለ ማርያም ስም» ማለት መሆኑንም እንጀራውን እያቀበለች ተማረችው።

በጎንደር ከተማ፣ በወገራና በደባርቅ ደጋ ብዙ ትውልድ በዚህ ደጃፍ አድጓል። የጎንደር ታሪክ ሲነሳ ግንቡ ይቀድማል፤ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ የተሠሩትን ሕንፃዎች የማያውቅ የለም። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ መባሏም የታወቀ ነው። ያን ሁሉ ደብር በሊቃውንት የሞላው ተማሪ ምን እየበላ ተማረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አድባራቱ መሬት ነበራቸው፤ የመሬቱ ፍሬ የሚደርሰው ግን ለአለቃው፣ ለመሪጌታው፣ ለካህኑና ለደብተራው ነበር። ተማሪው ድርሻ አልነበረውም። ቀለቡ በየሰዉ ቤት መሶብ ውስጥ ነበር፤ ስሙም «የቆሎ ተማሪ» የሆነው በአኮፋዳው ከያዘው ስንቅ የተነሳ ነው።

ለምኖ መብላቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው «ቀፈፋ» ይሉታል። የባላባት ልጅም ቢሆን ትምህርት ቤት ከገባ ቀፈፋ ይወጣል፤ ውሻ ይነክሰዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። የተረፈውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ለክረምቱ የሚተማመነው በዚያ ነው። ጓደኛው ታሞ ከጎጆ ካልወጣም ቁራሹን ይካፈለዋል።

ነገሩን የሚያጠብቀው ደግሞ የትምህርቱ ካርታ ነው። ድጓ የሚፈልግ ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አባ፣ ቅኔ የሚፈልግ ጎጃም ይሻገራል። አቋቋም የሚሻ ደግሞ ከየአገሩ ተነስቶ ጎንደር በአታ ይመጣል። በቀልድና በቅኔ ስማቸው የገነነው አለቃ ገብረ ሐና ያገለገሉት በዚሁ ደብር ሲሆን፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜም ከእሳቸው የተገኘ ነው። እንዲህ ሲሆን ተማሪ በእናቱ ቤት እየበላ አይማርም። የጎንደር እናት የጎጃሙን ልጅ ታበላለች፤ የእሷን ልጅ ጎጃም ውስጥ የማታውቃት ሴት ታበላዋለች።

ቤት ውስጥ የቀረው ልጅ የሚማረው ብዙ ነው። ከሊጡ ላይ ለልጅ የምትጋገር ትንሽ እንጀራ አለች፣ እንጎቻ። ለተማሪው የሚሰጥ ሌላ ካልተገኘ እናት ዓይኗን ወደ እንጎቻዋ ትጥላለች፤ ልጅ ያኔ የሚሰማው ትግል ከብዙ ስብከት ይከብዳል። ቤቱ ባዶ ሲሆንም ዝም አይባልም፤ «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይሸኛል፣ እሱም መርቆ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋል። ለቅዱስ ሚካኤል በ12፣ ለእመቤታችን በ21 ዝክር የሚዘክር ቤት ከዳቦው የተማሪውን ያነሳለታል። ተዝካር ያለበት ቤትማ ተማሪው ሳይጠራ የሚሄድበት ነው፤ ማንም ለምን መጣህ አይለውም። ማታ የመጣው መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ሲያንኳኳም ልጅ የሚያየው ያንኑ ነው፦ እናት ተነስታ መደቡን ስታነጥፍ።

ይህ ልማድ ከባድ ዘመን አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ከየደብሩ የተሰበሰበው መጽሐፍ ውሎ አድሮ መቅደላ ደረሰ፤ ከእሱም ከፊሉ በእንግሊዞች እጅ ለንደን ገባ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ መጥቶ የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት አነደደ፤ ከዳኑት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ወዲያው ክፉ ቀን ተከተለ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰው በረኀብ ረገፈ። ሰጪም ተቀባይም በጠፋበት በዚያ ዘመን ጉባኤ ተበተነ። ዜማውና አንድምታው ግን በሰው ልብ የተያዘ ነበርና መጽሐፉ ሲቃጠል አብሮ አልተቃጠለም። የኔታ እስካሉና ደቀ መዝሙሩ ቁራሽ የሚያገኝበት ደጃፍ እስካለ ድረስ ጉባኤው እንደገና ይተከላል። ለጎንደር ሊቅነት ከነገሥታቱ እኩል ምስጋና የሚገባቸው ተማሪውን በየደጃፉ ያበሉት፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ እናቶች ናቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወስድ፣ መሪጌታውና ካህኑም የምእመናንን እጅ ማየት ጀመሩ። ተማሪው ግን ድሮም ከመሬቱ አልበላም ነበርና እንደ ቀድሞው አኮፋዳውን አንግቶ ወጣ።

ዛሬም ተማሪ ደጅ ይቆማል፤ አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት ሆኖ ድምፁ እንደ ድሮው ምጣዱ ድረስ ባይዘልቅም። ልጇን ለቅኔ ጎጃም የላከች እናት ግን ድምፁን ከሩቅ ትለየዋለች። እንጀራውን በትንሿ ልጇ እጅ ልካ፣ አላስችል ሲላት ራሷ ትወጣለች።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የጎጃም፣ እማማ።»

ምንም ሳትል ትመለሳለች፤ ከመሶቡ ሌላ እንጀራ አንስታ ትወጣለች።