ቀንበርና አውታር
የሙዚቃ መሣሪያን በእጅ የማበጀትና የመጠገን ታሪክ፣ ከአርሲ ደጋ አንጻር

ቀንበር የሚለው ቃል በአማርኛ በሁለት ቤት ያድራል። በእርሻ ቤት ሁለት በሬዎች የሚጠመዱበት እንጨት ነው፤ በዜማ ቤት ደግሞ በክራርና በበገና አናት ላይ ተጋድሞ አውታሮቹ የሚወጠሩበት እንጨት ነው። ይህ የስም መጋራት እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። የአገራችን ገበሬ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ከዱር ቆርጦ፣ በመጥረቢያ ጠርቦ ራሱ ሲያበጅ የኖረ ነው፤ ወደ ቀጥቃጩ ቤት የሚሄደው የብረቱን ክፍል ለማሠራት ብቻ ነው። ይኸው እጅ ከእርሻ መልስ ክራር ቢሠራና የክራሩን አካል በለመደው ስም ቢጠራ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ዛሬ በትርፍ ጊዜው ጊታር የሚሠራ ወይም የሚጠግን ባለሙያ ሲታይ፣ ልማዱ ከባሕር ማዶ የመጣ መዝናኛ ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ለተከተለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጊታሩ እንግዳ ይሁን እንጂ፣ የሚጫወቱበትን መሣሪያ በገዛ እጅ አበጅቶ የመደሰት ልማድ በአገር ቤት ሥር የሰደደ ነው። ይህን በቅርብ ለመመልከት የአርሲ ደጋ ተስማሚ ሥፍራ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አሰላ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ፣ የከብትና የፈረስ አገር ነው። በተራሮቹ ላይና በሙኔሳ ደን ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ወይራ ይበቅላሉ፤ ዝቅ ባለው ሥፍራ ደግሞ ዋንዛ ይገኛል። ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የሚመች በመሆኑ ለከበሮ፣ ለሙቀጫና ለቤት ዕቃ ሲፈለግ የኖረ እንጨት ነው፤ ወይራ ግን ጠንካራ ስለሆነ ለመሣሪያ እጀታ ይመረጣል። ከዚህ ላይ የበሬ ቆዳ፣ የበግ አንጀትና የፈረስ ጭራ ሲጨመር፣ የሦስቱ ዋና ዋና ባለ አውታር መሣሪያዎች ጥሬ ዕቃ በአንድ ገበሬ ግቢ ተሟልቶ ይገኛል ማለት ነው።

በገና በዋናነት የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ የክርስቲያን መሣሪያ ነው። ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በቆዳ ይለበጣል፤ ሁለት ምሰሶዎች ቀንበሩን ይሸከማሉ፤ አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ተፈትለው ይወጠራሉ። እያንዳንዱን አውታር ከብርኩማው ላይ የምትነካው ትንሽ የጠፍር ቁራጭ፣ እንዝራ የምትባለው፣ ያንን የታወቀውን ነዛሪ ድምፅ ትሰጣለች። የእንዝራዋ አቀማመጥ በፀጉር ያህል ቢዛነፍ ድምፁ ይጠፋልና፣ ደርዳሪው ሠሪም ጠጋኝም መሆን ግድ ይሆንበታል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ አንዲቱ አውታርና መምቻው ከፈረስ ጭራ ስለሚሠሩ፣ ተጫዋቹ በየጊዜው ያድሳቸዋል። በእረኞች ዘንድ ደግሞ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አፉ በቆዳ ተለብጦ፣ ሁለት ዘንግና አንድ ቀንበር ተጨምሮለት ክራር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሠሪና ተጫዋች በአመዛኙ አንድ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ተገቢውን ክብር አግኝቶ አልኖረም። በገና የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ በመሆኑ ሲከበር፣ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ምኒልክም ይደረድሩ እንደነበር ሲነገር፣ ቆዳውን የሚፍቀውና ብረቱን የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ግን ይናቅ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ የንቀቱን ጥልቀት ያስረዳል። የተማረ ሰው መጋዝና መሮ ይዞ መታየትን እንደ ውርደት የሚቆጥርበት አስተሳሰብ ከዚያ በኋላም ፈጥኖ አልጠፋም። ስለዚህ ሹሙ፣ መምህሩ ወይም መሐንዲሱ ማታ ማታ እንጨት ሲልግ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በድምፅ የማይነገር የአዋጁ ፍጻሜ ነው ሊባል ይችላል።

አሰላም በዚህ ረገድ የራስዋ የሆነ ትምህርት አላት። በ1960 ዓ.ም. መባቻ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል ምሕጻር የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የእርሻ መሣሪያ የሚመረምር ክፍል ነበረው። በዚያም የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ ተሞክሯል። ከባዱና ዋጋው ከፍ ያለው ማረሻ ግን በገበሬው ዘንድ ብዙ ሳይስፋፋ ቀርቷል፤ ገበሬው ራሱ ጠርቦ የሚሠራው ሞፈርና ቀንበር እስከ ዛሬ ከእጁ አልወጣም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሊጠግነው የሚችለውን ዕቃ ይወዳል፣ ያምነዋልም።

በዚያው ዘመን የአገር ባህል መሣሪያዎች በአዲስ አበባ አዲስ መድረክ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤልዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ መሩት። በየብቻቸው ይሰሙ የነበሩት ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገናና ዋሽንት በአንድነት ቀረቡ። የባንዶቹ ጊታርም በከተማው ወጣት ዘንድ እየተወደደ የመጣው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ክራር ለለመደ እጅ ጊታር ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም፤ አንዱም ሌላውም የሚመታ አውታር፣ የሚያስተጋባ ሣጥንና ብርኩማ አለው።

ጊታርን በተመለከተ የስፔኑ ሠሪ የአንቶኒዮ ደ ቶሬስ (እ.ኤ.አ. 1817–1892) ታሪክ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። ቶሬስ በሙያው አናጢ ነበር፤ የዛሬው ክላሲካል ጊታር መጠንና ቅርጽ የተወሰነው በአብዛኛው በእርሱ ሥራ ነው። በ1862 ጀርባውንና ጎኑን ከወረቀት፣ ፊቱን ብቻ ከእንጨት አድርጎ አንድ ጊታር ሠራ፤ ዓላማውም ድምፅን የሚወስነው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ጊታሩ ዛሬ በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። የዘይት ቆርቆሮ አፉን በቆዳ የሚለብጠው እረኛ፣ ቶሬስ በፈተና ያረጋገጠውን በችግር ምክንያት ደርሶበታል፤ ሣጥኑ ተራ ቢሆንም ፊቱ ከበጀ መሣሪያው ይናገራል። ቶሬስ ራሱ በኋለኛው ዕድሜው በአልሜሪያ የሸክላ ዕቃ መደብር ከፍቶ እየነገደ፣ ጊታር የሚሠራው በትርፍ ጊዜው ነበር።

የሥራው እርካታ ከምን እንደሚመነጭ ከዚህ ይገለጻል። የብረት ክር ያለው ጊታር ስድስቱ ክሮች በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ፤ ይህን ጉልበት የሚሸከመው ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሳንቃ ነው። ሳንቃው ቢወፍር ድምፁ ይታፈናል፤ ቢሳሳ ይጎብጣል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ልክ የሚያገኛት መለኪያ ብቻ አይደለም፤ ጣትና ጆሮ ናቸው። ሠሪው ሳንቃውን በመላጊያ እየላገ፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ የደነዘዘው እንጨት መልስ መስጠት የሚጀምርበትን ሰዓት ይጠብቃል።

ጥገናም ከዚህ አያንስም። በደጋ ክረምት እርጥበት የክራሩና የበገናው ቆዳ ይላላል፤ ባለቤቱ በእሳት ዳር ወይም በፀሐይ አሙቆ ይመልሰዋል። በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ የጊታሩ እንጨት ይኰማተርና ፊቱ ይሰነጠቃል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። ጠጋኙ ከስንጥቁ ጋር የሚስማማ ስስ እንጨት ቀርፆ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ከውስጥ በትናንሽ ቁርጥራጮች ደግፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል። ዝም ብሎ የነበረው ዕቃ ተመልሶ ሲቃኝ፣ የድካሙ ዋጋ በዚያች ቅጽበት ይከፈላል።

ይህ የግል ደስታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና ተምረው፣ በኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የበገና ትምህርት ተቋረጠ። በገና ግን አልጠፋም፤ ሊሠሩት፣ ሊቃኙትና ሊደረድሩት በሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ቤት ተጠብቆ ቆይቶ፣ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ወደ ትምህርቱ ገበታ ተመልሷል። ተቋም በደብዳቤ ይዘጋል፤ እጅ የያዘው ዕውቀት ግን በደብዳቤ አይሻርም።

ስለሆነም በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ አንድ ባለሙያ ከቢሮ መልስ የተሰበረ ጊታር ወይም የላላ ክራር ይዞ ሲቀመጥ፣ ጊዜ እንደሚያባክን ሊቆጠር አይገባም። ሞፈሩን ጠርቦ የሚያርሰው፣ ቀንበሩን ጠርቦ የሚዘምረው የትናንቱ ገበሬ ልጅ ነውና፣ የያዘው ሥራ የአባቱ ነው።