ከማሸት እስከ ማገላበጥ፦ የአልጋ ቁስል እንክብካቤ ታሪክ

ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ የሚቆስለው አጥንቱ ለቆዳው በሚቀርብባቸው ቦታዎች ነው፦ ከወገብ በታች፣ በዳሌ፣ በተረከዝ፣ በክርን፣ በትከሻ አጥንት ላይ። መጀመሪያ የቆዳው ቀለም ይለወጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል፤ በጊዜ ካልተደረሰለት ሥጋው እየሞተ ይሄድና አጥንት እስኪታይ ድረስ ይጠልቃል። በሽተኛውን የሚያጥቡት፣ አንሶላውን የሚለውጡትና ሌሊት የሚያገላብጡት ነርሶች ስለሆኑ፣ ይህን ቁስል ከማንም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። የነርስነት ሙያ ከቀደሙት የወረሰውን አሠራር በምርምር መመዘን የጀመረውም በዋናነት በእንዲህ ያሉ የዕለት ተዕለት ችግሮች ላይ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የአልጋ ቁስል ያህል ረጅምና ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ ያለው ጥቂት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቁስሉ መነሻ ሁለት አስተሳሰቦች ነበሩ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርስነት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በሽተኛ የአልጋ ቁስል ሲያወጣ ጥፋቱ ባብዛኛው የበሽታው ሳይሆን የእንክብካቤው ነው ብላ ጽፋለች። በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ታዋቂ የነርቭ ሐኪም የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ ግን ከዚህ በተቃራኒው ያምን ነበር። እንደ እሱ አመለካከት አንጎል ወይም ኅብለ ሰረሰር ሲጎዳ ቁስሉ ከነርቩ ጉዳት በቀጥታ ይመጣል፤ እንክብካቤ ብዙም አይመልሰውም፤ መታየቱም ሞት መቅረቡን ያሳያል። ከሻርኮ በፊት በ1850ዎቹ ብራውን ሴካር የተባለ ተመራማሪ ኅብለ ሰረሰራቸው በተቆረጠ እንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ገላቸው ከእርጥበትና ከግፊት ከተጠበቀ ቁስል እንደማያወጡ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን የሻርኮ ስም ትልቅ ስለነበረ የእሱ ሐሳብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገዝቶ ቆየ። በዚህ መካከል የተጎዱት ሕሙማን ናቸው፤ ቁስሉ አይቀሬ ነው ከተባለ የሚከላከለው አይኖርም።

የናይቲንጌል አመለካከት ለእውነቱ ይበልጥ የቀረበ ቢሆንም የራሱ ችግር ነበረው። ጥፋቱ የነርሷ ነው ይላል እንጂ ነርሷ የትኛውን ሥራ ስትሠራ ቁስሉ እንደሚቀር በመለኪያ አላስቀመጠም። ክፍተቱን የሞላው ልማድ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የነርስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የበሽተኛውን ጀርባና መቀመጫ በሳሙናና በውኃ አጥበው፣ በስፒሪት አሽተው፣ ዱቄት እንዲነሰንሱ ይማሩ ነበር። ማሸቱ ደም ያንቀሳቅሳል፣ ስፒሪቱ ቆዳውን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። መቀመጫ ሥር መሐሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት ይደረጋል። ቁስሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ በመብራት ሙቀት ይደርቃል፤ ወይም ነርሷ የእንቁላል ነጩን መትታ ቁስሉ ላይ ትቀባና ከኦክስጅን ሲሊንደር በተዘረጋ ቱቦ አየር እየነፋች፣ የተቀባው ደርቆ ስስ ሽፋን እስኪሆን ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ በትጋትና በቅንነት የሚሠራ ሥራ ነበር። ከአንዷ ኃላፊ ነርስ ወደ ተተኪዋ ሲተላለፍ ግን ታሽተው የዳኑትን ካልታሹት ጋር አስተያይቶ የቆጠረ አልነበረም።

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከጦርነት ቁስለኞች ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኅብለ ሰረሰራቸው የተመታ ወታደሮች አብዛኞቹ በአልጋ ቁስልና በሽንት መንገድ ኢንፌክሽን ሞተዋል። በ1944 በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነት ቁስለኞች ልዩ ክፍል ተከፈተ፤ ኃላፊውም ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበር። በእሱ ክፍል ሕሙማን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ ነበር። ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች ቁስላቸው ሲድን፣ ከዚያም አልፈው ወደ ሥራና ወደ ስፖርት ሲመለሱ የሻርኮ እምነት ፈረሰ። የዛሬው የፓራሊምፒክ ውድድር መነሻውም ይኸው ሆስፒታል ነው። ሁለት ሰዓት የሚለው ልክ ግን ከሌሎች ልኮች ጋር ተነጻጽሮ የተመረጠ አልነበረም። በመማሪያ መጻሕፍት ገብቶ ስድሳ ዓመት ያህል በሚገባ ሳይፈተሽ የነርሶች ሕግ ሆኖ ኖረ።

ግፊት ሥጋን እንዴት እንደሚገድል ያስረዱት የላቦራቶሪ ሥራዎች ናቸው። ዩጂን ላንዲስ በ1930 በሰው ጥፍር ሥር ባሉ እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ደም በሚገባበት በኩል በአማካይ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሆኖ አገኘው። በ1959 ማይክል ኮሲያክ በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ከፍተኛ ግፊት በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ዝቅተኛ ግፊትም ረዘም ባለ ጊዜ እንደሚያደርሰው አሳየ። ስለዚህ ወሳኙ የግፊቱ ብርታት ብቻ ሳይሆን የቆይታው ርዝመትም ነው።

በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ጥያቄው ከላቦራቶሪ ወጥቶ ዎርድ ገባ። በ1961 ኤክስተን ስሚዝ የተባለ የአዛውንቶች ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ 50 አረጋውያን ሌሊት ተኝተው ሳለ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀሱ በመሣሪያ ቆጠረ። በአንድ ሌሊት ከ50 ጊዜ በላይ ከተንቀሳቀሱት አንድም የቆሰለ አልተገኘም። 20 ጊዜና ከዚያ በታች ከተንቀሳቀሱት 10 ሰዎች ግን 9ኙ ቆሰሉ። ጤነኛ ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሚያደርገውን መገላበጥ ደካማው በሽተኛ ሊያደርገው አይችልም። ነርሷ የምትተካው ይህን የጠፋ እንቅስቃሴ መሆኑ በቁጥር የታየው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን ዶሪን ኖርተን የተባለች እንግሊዛዊት ነርስ፣ ከሮዳ ማክላረንና ከኤክስተን ስሚዝ ጋር ሆና ሆስፒታል የተኙ አረጋውያን የሚደርስባቸውን የእንክብካቤ ችግር ታጠና ነበር። ውጤቱ በ1962 ታተመ። ነርስ የራሷን ሙያ የዕለት ሥራ የምርምር ጥያቄ አድርጋ፣ አልጋ አጠገብ ቆማ መልስ የፈለገችበት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ በሙያው ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ ይገባዋል። ተመራማሪዎቹ በየዎርዱ የሚቀቡትን ልዩ ልዩ ቅባቶችና ማሻዎች ለማነጻጸር ፈለጉ፤ ለዚህ ግን የሚነጻጸሩት ሕሙማን በድካማቸው ተቀራራቢ መሆን ነበረባቸው። የኖርተን መመዘኛ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። አካላዊ ሁኔታ፣ የአእምሮ ንቃት፣ ከአልጋ ወርዶ መሄድ፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ መቻል፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ5 እስከ 20 ይደርሳል፤ 14ና ከዚያ በታች ያገኘ በሽተኛ ለቁስል የተጋለጠ ነው። ጥናቱ 250 ሕሙማንን ተከታትሎ ወደ ሩብ የሚጠጉት እንደቆሰሉ፣ ነጥቡ ዝቅ ባለ ቁጥርም የሚቆስለው ሰው እንደሚበዛ አገኘ። አብዛኞቹ ቁስሎች የወጡት በሽተኛው ሆስፒታል በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነበር። ይህ ለዎርድ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው፤ አዲስ የገባው በሽተኛ መመርመር ያለበት በዚያው በገባበት ቀን ነው ማለት ነው። ለዘመናት ሲታመንባቸው የኖሩት ቅባቶችም ግፊትን በማንሳት ቦታ የሚገቡ ሆነው አልተገኙም።

በዚያው በ1962 ጆርጅ ዊንተር ስለ ቁስል አዳዳን ያወጣው ጥናት ሌላውን ልማድ ነካ። ዊንተር በአሳማዎች ገላ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አበጅቶ ግማሹን ክፍት ተወ፤ ግማሹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ። ተሸፍነው እርጥበታቸውን የያዙት ቁስሎች አየር ካደረቃቸው በእጥፍ ገደማ ፈጥነው አዲስ ቆዳ አበቀሉ። የመብራት ሙቀትም፣ የእንቁላል ነጭና ኦክስጅንም ዓላማቸው ማድረቅ ነበርና የተሠራው ሁሉ ቁስሉ ከሚፈልገው ተቃራኒ ነበር ማለት ነው።

ግኝት ታተመ ማለት ግን ዎርድ ደረሰ ማለት አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍልም ይህ ነው። በአሜሪካ ለነርሶች ምርምር ብቻ የተመደበ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ ይወጣ ነበር። በ1972 በብሪታንያ የብሪግስ ኮሚቴ ነርስነት በምርምር ላይ የሚቆም ሙያ መሆን እንዳለበት በሪፖርቱ አሳሰበ። በዚያው ዓመት አርቺ ኮክሬን የተባለ ሐኪም የሕክምና ሥራዎች ሕሙማንን በዕጣ መድቦ በማነጻጸር መፈተን እንዳለባቸው የሚሞግት መጽሐፍ አወጣ። ይሁን እንጂ በ1975 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የአፍ ቴርሞሜትር ስንት ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ከተጠየቁት 87 ነርሶች ምርምር ያረጋገጠውን መልስ የሰጠችው አንዷ ብቻ ነበረች። ስለ ጉዳዩ የተጻፈው ግን ከዓመታት በፊት ነበር። ነርሶቹን ሰነፎች ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፦ መጽሔቱ ዎርድ አይደርስም፣ የጥናት ቋንቋ አልተማሩም፣ ቢያውቁም አሠራር የመለወጥ ሥልጣን የኃላፊዎችና የሐኪሞች ነበር።

ማሸት የወደቀውም እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው። በ1978 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጽሑፍ ከሞቱ ሕሙማን የተወሰደ ሥጋ ተመርምሮ፣ ይታሽ የነበረው ቦታ ረግቦና ተጎድቶ፣ ሳይታሽ የቆየው ግን ደህና ሆኖ እንደተገኘ አስታወቀ። ቀድሞውኑ ደም ያጣ ሥጋ ሲታሽ ይባስ ይቀደዳል እንጂ አይድንም። ሆኖም ልማዱ በብዙ አገሮች ቀጠለ። በ1992 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ፖሊሲና ምርምር ኤጀንሲ ባወጣው መመሪያ አጥንት በጎላበት ቦታ ላይ ማሸት እንዲቀር መከረ፤ የጎማ ቀለበቱንም አብሮ ነቀፈ፤ ቀለበቱ መሐሉን ያሳርፋል እንጂ ዙሪያውን ጨቁኖ ደም ይከለክላልና።

የኖርተንን ፈለግ የተከተሉ መመዘኛዎችም በረከቱ። ጁዲ ዋተርሎ በ1985 በእንግሊዝ፣ ባርባራ ብራደንና ናንሲ በርግስትሮም በ1987 በአሜሪካ የየራሳቸውን አሳተሙ። የብራደን መመዘኛ ስሜትን የመለየት ችሎታን፣ እርጥበትን፣ እንቅስቃሴን፣ አመጋገብን፣ እንዲሁም ቆዳ ከአንሶላ ጋር የሚያደርገውን ፍትጊያና መንሸራተት ጭምር ይመዝናል። እነዚህ ሁሉ በዓለም ዙሪያ ዎርድ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከዚያ እነሱም የሚፈተኑበት ተራ ደረሰ። በ2011 በወጣ አንድ የአውስትራሊያ ሙከራ 1,231 ሕሙማን በዕጣ ተመድበው፣ ሁለት ሦስተኛው ያህሉ በሁለት ዓይነት መመዘኛ፣ ሌሎቹ በነርስ የራሷ ግምት ብቻ ተለዩ። በሚቆስሉት ሰዎች ብዛት ላይ ልዩነት አልታየም። ውጤቱ መመዘኛ ይጣል የሚል አይደለም፤ ወረቀቱን መሙላት ብቻውን ማንንም እንደማያገላብጥ የሚያሳይ ነው።

ሁለት ሰዓት የሚለው ሕግም የተፈተነው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ2005 በቤልጅየም የአረጋውያን መኖሪያዎች በተደረገ ሙከራ በተለመደው ፍራሽ ላይ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ከተገላበጡት ይልቅ፣ ግፊትን በሚያሰራጭ ልዩ ስፖንጅ ላይ ተኝተው በየአራት ሰዓቱ የተገላበጡት ያነሰ ቆሰሉ። በ2011 በአየርላንድ 213 አረጋውያንን ባሳተፈ ጥናት፣ ሌሊት በየስድስት ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ከሚዞሩት 11 በመቶ ሲቆስሉ፣ በየሦስት ሰዓቱ 30 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ከሚደረጉት የቆሰሉት 3 በመቶ ነበሩ። ዘንበል ማድረግ በጀርባ አንድ ትራስ አስገብቶ የሚሠራ ነው፤ በሽተኛው በዳሌ አጥንቱ ላይ ቀጥ ብሎ አይተኛም። በ2013 ደግሞ በርግስትሮምና ባልደረቦቿ በአሜሪካና በካናዳ ከ900 በላይ አረጋውያንን በጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አስተኝተው በየሁለት፣ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ መገላበጥን አነጻጸሩ፤ ልዩነት አላገኙም። አንዲት የአዳር ተረኛ ብዙ አልጋ በምትይዝበት ቦታ ይህ ትንሽ ዜና አይደለም፤ ሕሙማኑም ከእንቅልፋቸው የሚቀሰቀሱት ባነሰ ቁጥር ነው። ነገር ግን ውጤቱ የተገኘው በዚያ ፍራሽ ላይ ነው። መሐሉ በጎደጎደ ስስ ፍራሽ ላይ የተኛ ሰው አራት ሰዓት እንዲቆይ የሚፈቅድ ማስረጃ ከእነዚህ ጥናቶች አይወጣም።

ጥናቶቹ ሲሠሩ እነማን እንደተጠኑም ጉዳይ አለው። የቁስሉ የመጀመሪያ ደረጃ ለብዙ ዓመታት በመመሪያዎች የተገለጸው በጣት ሲጫኑት የማይነጣ መቅላት ተብሎ ነው። ይህ በነጭ ቆዳ ላይ በግልጽ ይታያል፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ይደበቃል፤ ቁስሉም የሚታወቀው ከተላጠ በኋላ ሊሆን ይችላል። በ2014 እና በ2019 የወጡት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ነርስ ከዓይኗ በተጨማሪ በእጇ እንድትመረምር ያሳስባሉ፦ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል፣ ጠንክሯል ወይስ ለስልሷል፣ በሽተኛው ሲነካ ያመዋል ወይ?

ለኢትዮጵያ ነርሶች ይህ ቅርብ ነገር ነው፤ የአገሪቱ ተመራማሪዎችም የራሳቸውን ዎርዶች መቁጠር ጀምረዋል። በ2014 በታተመ ጥናት በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተኝተው ይታከሙ ከነበሩ 422 ሕሙማን 71ዱ፣ ማለትም 16.8 በመቶው፣ የአልጋ ቁስል ነበረባቸው። ከቁስሉ ጋር ተያይዘው የተገኙት ሆስፒታል ውስጥ ረጅም ጊዜ መቆየት፣ የስሜት መቀነስ፣ እንዲሁም ፍትጊያና መንሸራተት ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የብራደን መመዘኛ ከሚመዝናቸው ነገሮች መካከል ሲሆኑ፣ መንሸራተቱ በብዛት የሚከሰተው በሽተኛው በብብቱ ተይዞ አንሶላው ላይ ወደ ላይ ሲጎተት፣ ወይም የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲንሸራተት ነው። ሁለት ሰዎች በተጣጠፈ አንሶላ በሽተኛውን ከፍ አድርገው ቢያዛውሩት ፍትጊያው በእጅጉ ይቀንሳል።