ማታቱዎችን በካርታ ያሰፈሩት የናይሮቢ ተማሪዎች

የኬንያ መዲና ናይሮቢ ዋነኛ የሕዝብ ማመላለሻ በግል ባለንብረቶች የተያዘው ማታቱ ነው። ፕሬዝዳንት ጆሞ ኬንያታ በአውሮፓውያኑ 1973 ያለ ልዩ ፈቃድ እንዲሠራ ከፈቀዱለት ወዲህ፣ ከተማዋ ስትሰፋ እርሱም አብሮ ሰፍቷል። ሆኖም እስከ 2014 ድረስ መስመሮቹን አሟልቶ የሚያሳይ ይፋዊ ካርታ አልነበረም። ተሳፋሪው የመስመር ቁጥሩን በቃሉ ይይዛል፤ ያልያዘ ረዳቱን ይጠይቃል። ለአዲስ አበባ የታክሲ ተሳፋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ክፍተቱን ለመሙላት የተነሳው "ዲጂታል ማታቱስ" የተሰኘ የምርምር ፕሮጀክት ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁራን ፒተር ዋይጋንጆ ዋጋቻና ዳንኤል ኦርዋ፣ የኤምአይቲዋ ሳራ ዊሊያምስ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ዣክሊን ክሎፕ እንዲሁም ግሩፕሾት ከተባለው ድርጅት አዳም ዋይት በጋራ ሠርተውበታል።

መረጃውን በየመንገዱ የለቀሙት ግን የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። በማታቱ እየተሳፈሩ፣ የሚያልፉበትን መንገድ በስልካቸው ጂፒኤስ እየመዘገቡ፣ መኪናው የሚቆምበትን ቦታና ሕዝቡ ለቦታው ያወጣለትን ስም እየጻፉ ከ130 በላይ መስመሮችንና 3,000 ገደማ ፌርማታዎችን አሰፈሩ።

ለኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ በገጠማቸው ችግር ላይ ነው። ብዙ የዓለም ከተሞች የትራንስፖርት መረጃቸውን የሚያስቀምጡበት ጂቲኤፍኤስ የተባለ ቅርጽ አለ። መነሻው ጉግል በ2005 ከአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት ጋር የሠራው ሥራ ነው። ቅርጹ በዋናነት የታሰበው ቋሚ ፌርማታና የሰዓት ሰሌዳ ላላቸው አውቶብሶች ነበር። ማታቱ ግን የሚነሳው ሲሞላ ነው። መንገድ ሲጨናነቅ በአቋራጭ ይገባል፤ ተሳፋሪ እጁን ባነሳበት ይቆማል። "ስንት ሰዓት ይደርሳል?" ለሚለው የሠንጠረዡ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ግምታዊ ጊዜ ከማስገባት አልፈው፣ ቅርጹ ራሱ እንዲህ ላለ አሠራር እንዲመች የሚለወጥበትን መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። ተማሪ በክፍል ውስጥ የተሰጠውን የመረጃ ቅርጽ ያለ ጥያቄ መቀበል ይቀለዋል፤ ቅርጹን የቀረጹት ሰዎች የራሳቸውን ከተማ ብቻ አስበው እንደሆነ የሚገባው መንገድ ላይ ሲወጣ ነው።

በጥር 2014 ይፋ የሆነው ካርታ እንደ ምድር ውስጥ ባቡር ካርታ በቀለማት የተለየ ነው። የናይሮቢ አስተዳደር ተቀበለው፤ በ2015 ደግሞ የማታቱ መስመሮች በጉግል ካርታ ላይ መታየት ጀመሩ። ካርታው ሁሉም የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ማንም በአንድ ላይ አይቶት የማያውቀውን ነገር ገለጠ፦ መስመሮቹ አብዛኞቹ ወደ መሃል ከተማ የሚገቡ ናቸው፤ ዳርን ከዳር የሚያገናኙት ጥቂት ናቸው። ይህንን ያዩ የማታቱ ባለንብረቶችም ስለ አዳዲስ መስመሮች ማሰብ ጀመሩ።

በዚያው ጊዜ የተሞከረ ሌላ ቴክኖሎጂ ዕጣው የተለየ ነበር። ጉግልና ኢኩዊቲ ባንክ በ2013 ቤባፔይ የተባለ የታሪፍ መክፈያ ካርድ አቀረቡ፤ መንግሥትም በ2014 ጥሬ ገንዘብን ከማታቱ ለማስወጣት ቀነ ገደብ አስቀመጠ። ይሁንና ሾፌሩና ረዳቱ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ ካስገቡ በኋላ የሚተርፈውን ነው የሚካፈሉት። ገቢያቸው በእጃቸው ከሚገባው ጥሬ ገንዘብ ላይ ነውና ካርዱን የሚወዱበት ምክንያት አልነበራቸውም። ቤባፔይ በ2015 ተዘጋ።

የናይሮቢው አሠራር በዮርዳኖሷ አማንና በኒካራጓዋ ማናጓ ለተጀመሩ ተመሳሳይ ሥራዎች አርአያ ሆኗል። የመስመር መረጃ ግን ያረጃል፤ አዲስ መንገድ ይከፈታል፣ መነሻ ጣቢያ ከቦታው ይነሳል። ለምርምር የተመደበ ገንዘብ ሲያልቅና ተማሪዎቹ ተመርቀው ሲሄዱ፣ እንደገና ማታቱ ላይ ተሳፍሮ የሚመዘግብ ሰው በቋሚነት የሚመድብ ተቋም ያስፈልጋል።