መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ የሰጡት ጻድቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወጣቶችና ምእመናን፤ ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ሰከላ የወጣ፣ ከግሽ ዓባይ ጠበልም የተጠመቀ በመካከላችን ብዙ ነው። መንገደኛ ያመጣለትን የቀመሰማ ከዚያም ይበዛል። ጠበሉን እንዲህ ስናውቀው፣ በዚያ ስማቸው የሚጠራውን የጻድቁን የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ታሪክ ግን በግማሹ ነው የያዝነው።

የውጭው ዓለም መጻሕፍት ስለዚህ ምንጭ ሲተርኩ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ካየው ከኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ፣ ወይም በ1770 ከደረሰው ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይጀምራሉ። «አገኙት» ይላሉ። ለማን ጠፍቶ ኖሯል? ቤተ ክርስቲያናችን ዓባይን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከተጠቀሰው ከግዮን ጋር አንድ አድርጋ ስታስተምር ኖራለች።

በትውፊት እንደሚነገረው፣ የንጉሥ ጭፍሮች ጻድቁን ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጡ። ከዓመታት እስራት በኋላ ተመልሰው አደራቸውን ሲጠይቁ ውኃው መጻሕፍቱን አወጣላቸው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልደበዘዘችም።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያየ ሰው የታሪኩ ክብደት ይገባዋል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ጸሓፊው በመቃ ብዕር ወራት ይደክምበታል። የዚህ ሁሉ ድካም ጠላት ደግሞ ውኃ ነው። ጻድቁ የነበራቸውን ሀብት የሰጡት ሊያጠፋው ለሚችለው ለዚያው ለውኃ ነበር። ብዙ ጊዜ ውኃው መታዘዙን እናደንቃለን፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከእስር የወጡ መነኩሴ ፈልገው የሄዱት መጻሕፍታቸውን መሆኑ ነው።

«ግሽ» የሚለው ስም የመጣው ጻድቁ ዓባይን መጻሕፍቱን «ግሣ» ብለው ስላዘዙት ነው የሚሉ አሉ። ይህ የአበው ትርጓሜ ነው፤ እንደ መዝገብ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ትውፊት እንቀበለው። ቃሉ ግን ያለ ነገር አልተመረጠም። በግእዝ «ጐሥዐ» ማለት ገሣ፣ ከውስጥ አወጣ ማለት ነው፤ በግእዙ ቍጥር መዝሙር 44 ልብ መልካም ነገርን ማፍለቁን የሚናገረው በዚሁ ግሥ ነው። ታሪኩን ሲተርኩልን የኖሩት በዋሸራ ቅኔ የሚዘረፍበት የጎጃም ምድር ሰዎች ናቸውና፣ ይህን ዝምድና ሳያዩት ቀርተዋል ማለት ይከብደኛል።

የጻድቁ በዓል ጥር 13 ነው። ዘንድሮ ለጠበል የምትሄዱ ወጣቶች ከመነሣታችሁ አስቀድሞ ገድላቸውን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ስትመለሱም ያነበባችሁትን በቤት ለቀሩት ንገሯቸው።

የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።