የሴሚስተር መዝጊያ ፈተናና የተማሪው ጭንቀት፤ ታሪካዊ መነሻውና የመምህሩ ድርሻ

«ፈተና» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ይገልጻል። አንደኛው የዕውቀት መመዘኛ ሲሆን ሁለተኛው በሰው ላይ የሚደርስ መከራ ነው። በጥርና በሰኔ ወራት የኮሌጅ ተማሪዎችን ሁኔታ ለተመለከተ ሰው ሁለቱ ትርጉሞች ተቀላቅለው ይታዩታል። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ ያድራል፤ ምግብ ይዘለላል፤ አንዳንዱም እንቅልፉን በቡናና በጫት ሊያባርር ይሞክራል። ንባቡ ከማስተዋል ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው «ቸከላ» ወደሚሉት የቃል ሽምደዳ ያዘነብላል። ይህን ሁሉ የተማሪው የግል ድክመት አድርጎ መቁጠር የተለመደ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጭንቀቱ በከፊል ከትምህርት አደረጃጀታችን ታሪክ የመነጨ መሆኑን ማሳየትና የመምህራንንና የዕቅድ አውጭዎችን ድርሻ ማመልከት ነው።

በጥንታዊው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው ከፊደል ወደ አቡጊዳ፥ ቀጥሎም ወደ ዳዊት የሚሸጋገረው ቀን ተቆርጦለት ሳይሆን መምህሩ ችሎታውን ሲያረጋግጥ ነበር። ድጓ የተማረ ሰው ቤተልሔም ወርዶ «ሲያስመሰክር» እንኳ ጊዜውን የሚወስነው ዝግጁነቱ እንጂ የቀን መቁጠሪያ አልነበረም። ይህ ሲባል ግን ሥርዓቱ ከጭንቀት ነጻ ነበር ማለት አይደለም። ከወላጆቹ ርቆ፥ ምግቡን ለምኖ ለሚማረው የቆሎ ተማሪ መርሳት ከባድ ሥጋት ነበር። አእምሮን ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣው «አብሾ» የዚሁ ሥጋት ምልክት ነው፤ መጠኑን ላላወቀበት ሰው እብደት ያመጣል ተብሎም ይፈራ ነበር። እንግዲህ ለማስታወስ ሲሉ ጤናን አሳልፎ መስጠት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊው ትምህርት መሠረት ያዘ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ሴሚስተር፥ ክሬዲትና በፊደል የሚሰጥ ውጤትም የከፍተኛ ትምህርታችን ሥርዓት ሆኑ። ይህ ሥርዓት ብዙ ተማሪዎችን በእኩል መስፈሪያ ለመመዘን አስችሏል። በአንጻሩ የወራት ድካም በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲዳኝ አድርጓል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ብቻ ሊሰናበት ይችል ስለነበር፥ የፈተናው ሳምንት ለብዙዎች ሰኔና ሰኞ የገጠሙበት ያህል ይከብድ ነበር።

በመቀሌ የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የደረቅ መሬት ግብርና ኮሌጅ በ42 ተማሪዎች ሥራ ጀመረ፤ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ከቢዝነስ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ግን የክልሉ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል የተመለሰው ተማሪ በዕድሜ ገፍቶ፥ ብዙዎችም ዘመድ አጥተው የመጡ ናቸው። ለእነዚህ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር መውደቅ ማለት ቀድሞ ባመለጣቸው ዘመን ላይ ሌላ ዘመን መጨመር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በአንድ ጊዜ መዳኘትን ይበልጥ አጠንክሮታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፈተና መርሐ ግብር በሚያወጣበት በአንድ ወቅት፥ አዳራሽ ለመቆጠብ ሲል የአምስት ኮርስ ፈተና በሦስት ቀን እንዲያልቅ አድርጎ ነበር። በክፍል ውስጥ ከሁሉ ቀድማ ትመልስ የነበረች አንዲት ሠልጣኝ የመጨረሻውን ወረቀት ስሟን ብቻ ጽፋበት መለሰች። ምክንያቱን ስትጠየቅ «ሦስት ሌሊት አልተኛሁም፤ ጥያቄውን ሳነበው ፊደሉ ተምታታብኝ» አለች። የዚያን ዕለት የተመዘነው ዕውቀቷ ሳይሆን ድካሟ ነበር፤ ስሕተቱም የእርሷ ሳይሆን የመርሐ ግብሩ ነበር።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፥ በጊዜ ተከፋፍሎ የሚደረግ ጥናት በአንድ ጊዜ ከሚታጨቅ ጥናት ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል። የቤተ ክህነት መምህራንም የትናንቱን ሳያስደግሙ የዛሬውን ባለመስጠት ይህንኑ በተግባር ያውቁት ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን መደንገጉም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ይሁን እንጂ ተከታታይ ምዘና ማለት ፈተና ማብዛት ከሆነ ጭንቀቱን ከማራዘም በቀር ፋይዳ የለውም። ፋይዳ የሚኖረው የታረመው ወረቀት ቶሎ ተመልሶ ተማሪው ጉድለቱን ለማረም ጊዜ ሲያገኝ ነው።

ስለዚህ መምህራን የነጥቡን ሚዛን ለመጨረሻው ሳምንት ባያከማቹ፥ የትምህርት ክፍሎችም የፈተና ቀናትን ተመካክረው ቢያራርቁ መልካም ነው። ተማሪዎችን ከጥናት ዘዴ ጋር ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ጥቅም መምከርም ይገባል። ሐዘን የደረሰበትን ተማሪ ከፈተናው በፊት ለይቶ ማነጋገር ግን ከሁሉ ይቀድማል። እነዚህ ሁሉ ብዙ በጀት አይጠይቁም። የዛሬው ሠልጣኝ ነገ መምህር ነው፤ በተመዘነበት መስፈሪያ ሌሎችን መመዘኑ አይቀርምና መስፈሪያውን ማቃናት ከእኛ ይጀምራል።